ሠላሳ አንድ ዓመት ስንዴ

አውራ ጎዳናው በውሃ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው
ሽማግሌው ቲሰን ኮምፒውተሩን ታቅፎ በሬን አንኳኳው።
«አልነሣ አለኝ» አለ ቦቲውን ሳያወልቅ፣ ደጁ ላይ ቆሞ፤
«የልጅ ልጄ ጨዋታ ጭኖበት፣ ጠቦት፣ ታፍኖ፣ ታሞ።
የሠላሳ አንድ ዓመት ስንዴዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤
የዘራሁበት ቀን፣ ከየማሳው ያገባሁት፣ የሸጥኩበት ዋጋው።»

ከፈትኩት። አንድ ዲስክ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፤
ሲስተሙ፣ ጨዋታው፣ ስንዴው፣ ተጋፍቶ የሚያድር፤
ዘርና ገለባ በአንድ ጎተራ፣
አንዱን ነቀዝ ሲያገኘው ሌላው የማይተርፍበት ስፍራ።

«ሞሪስን እያት» አልኩት። «ዙሪያዋን አፈር ታጥቃ፣
ቀይ ወንዝ ሲያብጥ ደሴት ሆና ታድራለች፣ ደርቃ።
ዲስክም ወሰን ይሻል፦ ለሲስተሙ የራሱ አጥር፣
ለመዝገብህ የራሱ፤ ጨዋታው ቢሞላ በራሱ ግቢ ይስከር።»
«እንዲያ ከሆነ ዳንኩ?»
          «አልዳንክም» አልኩ።
ወሰን ጎርፉን ይመልስ እንጂ መሬቱ ራሱ ሲሰነጠቅ
ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ።

ሌሊቱን ዲስኩ እንደ አሮጌ ጉልበት ቋ፣ ቋ ይላል።
(መጀመሪያ መቅዳት፤ የታመመን ዲስክ መነካካት ይገድላል።)
ቅጂው ላይ ቆፈርኩ። ፋይል ሲስተሙ ጥንቁቅ ጸሐፊ ነበር፣
ሊሠራ ያሰበውን ሳይሠራ በፊት በመዝገብ የሚያሰፍር፤
መብራት ቢጠፋበት የት እንዳቋረጠ ያውቃል፤
ከዚያች መስመር ተነሣሁ፤ ክሩ ከተገኘ ልቃቂቱ መች ይርቃል።

ሲነጋ ሠላሳው ወጣ። አንዱ ቀረ፦ ዘጠና ሰባት፣
በእነሱ አቆጣጠር፤ ውሃው አገሩን የዋጠበት።
ላረዳው አፌን ስከፍት ሽማግሌው ሳቀብኝ፦
«ያን ዓመት መች ዘራሁ? ባዶ ገጽ ነው የጠፋብኝ።»
ከዚያ ዝም አለ፣ ባርኔጣውን እያዞረ።
«አንድ መስመር ነበር፣ የማርጋሬታ» አለ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ እያፈረ፤
«‹ዛሬ ውሃው ከበረንዳው ወረደ፤ ሽታው ግን አለ› የሚል።»
እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ፊደል በፊደል።
አንዱ ቅጂ ከሱቄ፣ አንዱ ከኪሱ፣ አንዱ ብራንደን ላለች ልጁ፤
ኮረብታ ላይ ነው ቤቷ፣ ጎርፍ አያውቀውም ደጁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ አንድ ክፍል፣ ቅጂ አልባ።
የሰው ቤት ስከድን ከርሜ፣ የራሴ ዝናብ ሲገባ።
ጅቡ ገና አልሄደም። ገመዱን ሰካሁ፣ መቅዳት ጀመረ፤
ሬዲዮው፣ ውሃው ከግድቡ ጫፍ አራት ክንድ እንደቀረው ተናገረ።