ከይሁዳ ኋላ የቆመው ሰው

ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ ባንዱ ይሣላል፤
መሪጌታ ስሜነህ «ሕጉን ጠብቅ» ብለውኛል።
በሁለት ክንድ ድንበር ከይስማው ብጣላ፣
ወንድሜን ሣልሁት ከይሁዳ ኋላ፤
አፍንጫው ያባቴ፣ ጠባሳው የራሱ፣
አንድ ዓይኑ ተተክሎ ከዚያ ከብር ኪሱ።

የቢቸና ሰው ሁሉ አይቶ ለየውና፣
እሱም መጣ ባንድ እሑድ፣ ቆሞ አየውና
ምንም አላለኝም።

ዘንድሮ በጥቅምት ቀብሬው ብመለስ፣
መሰላል አቁሜ ጥቁሩን ብለውስ፣
ቡርሼን አነሣሁ ሌላ ዓይን ልጨምር፤
የጎን ፊት ቦታ የለው፤
ካፍንጫው ወዲያ ማዶ ይሁዳ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይኸውልህ፣ ከሥዕልህ ግርጌ
ይችን ጻፍሁልህ ዓይን አድርጌ።
በሁለቱ ክንድ ላይ ልጅህ ጓያ ዘርቷል።