በሙሉ ድምፅ

እጅ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤
በዶልና ራኪታ፣ ከዳኑብ የሚነሳው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣
በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር፣
እርሳሴን በምራቄ እያራስኩ
የሰው ክንድ ስደምር።

ከወረዳ የመጣው ጓድ ካፖርቱን አላወለቀም፤
አልጮኸም፣ አልተቆጣም፣ ጠረጴዛ አልደበደበም።
«ባለ ወፍጮው ራዱል የሕዝብ ጠላት ነው፤
ከነልጆቹ ይውጣ፤ የተስማማ እጁን ያውጣ» አለ፣
ሻይ እንደሚያዝዝ ሰው።

ራዱል!
በክፉው ዓመት ዱቄት በዱቤ የሰጠን፣
ሚዛኑ ላይ ጣቱን ሳያሳርፍ የመዘነልን፤
ታናሽ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት።

መጀመሪያ ማንም አልነቃነቀ።
የብረት ምድጃው ውስጥ ግንድ ተሰነጠቀ፤
አንዱ ሳለ፣ አንዱ ጫማውን አየ፣
አንዱ የጎረቤቱን ክንድ ጠበቀ።
ከዚያ የፖስተኛው የዶንቾ እጅ
እስከ ጆሮው ድረስ ወጣ፤
ሊያክ ይሁን ሊስማማ ሳይለይ፣
ከጎኑ ያለው አይቶ የራሱን ይዞ መጣ።
ያየ አነሳ፤ ያነሳውን ያየ አነሳ፤
እንደ ማዛጋት ከወንበር ወንበር ተጋባብን፤
እጅ ያወጣን መስሎን
እጅ ሰጠን።

ዐይነ ስውሩ ሚንቾ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ
«አወጡ እንዴ?» ሲል ሰማሁ።
«ሁሉም» አለችው ሚስቱ።
ሰፊው የአናጢ መዳፉ ሲነሳ፣
ስልሳ ሦስት ብዬ ቆጠርሁ።

የኔስ?
እርሳስ የያዘ እጅ ቢቀር ማን ይጠይቀው ነበር?
ግራዬን አነሳሁ። ያዘዘኝ አልነበረም።
ራሴን በራሴ ደብተር ላይ
ስልሳ አራት ብዬ ስደምር
እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ስልሳ አምስት ነበርን። ደግሜ ቆጠርኩ።
በመስኮቱ በኩል፣ ከቡልጋሪያ ካርታ ሥር፣
ልብስ አጣቢዋ ስታና
ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣
አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

ጓዱ ሰዓቱን አየ። «ስንት?» አለኝ።
አንድ ሰው ለመደበቅ ሁለት ቃል ይበቃል፤
«በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

ራዱል በጋሪ ሄደ፤
ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣
ድመቷን ኮቱ ውስጥ የሸሸገ ልጅ።
ወፍጮው ሁለት ክረምት ዞሮ ቆመ።
ስለ ወፍጮው ማንም አላወራም።

አርባ ዓመት ሄዶ ዘመን ተገለበጠ፤
የድሮው ደብተር ይከፈት ተባለ፤
ሰው ሁሉ በየተራው ደጄን አንኳኩቶ
«ያን ማታ እጄን አላወጣሁም፤ አንቺ ታውቂያለሽ» እያለ
ዶንቾ በልጆቹ፣ የሚንቾ ሚስት በባሏ መቃብር ማለ።
የሞተው እንኳ በልጁ አፍ መጥቶ ተሟገተ፤
በአንዲት የስታና ወንበር ላይ
ስልሳ ሦስት ሰው ሊቀመጥ ተጋፋ።

እኔም ወደ እሷው ሄድኩ።
አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣
«አርባ ዓመት በልቤ ያነገሥኩሽ አንቺን ነው፤
ያን ድፍረት ከወዴት አመጣሽው?» አልኳት።

ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።
«የምን ድፍረት አመጣሽ! እጅጌዬ
ከብብቴ ሥር ተተርትሮ ነበር፤
ባነሳው ሰው ያያል ብዬ አፈርኩ።
በነጋታው ሰፋሁት።»

ስወጣ ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን ረስቼ መጣሁ።
እኛን ያስነሳን ዐይን እሷን አስቀመጣት፤
ያው አንድ ዐይን፣ ያው አንድ ፍርሃት፤
እኔ ለተቀደደ ጨርቅ
የሰማዕት አክሊል ስሠራለት።

ያን ማታ የለበስኩት ቀሚስ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤
አንዳንድ ሌሊት አወጣውና
የብብቱን ስፌት በጣቴ እዳስሳለሁ።
እናቴ ናት የሰፋችው፣ በድርብ ክር፤
ጥሩ ሰፊ ነበረች።
ምነው ያን ማታ፣
ምነው እሱም ተቀዶ በነበር።