ሠላሳ ሁለት ኢንች

ነሐሴ ነው፣ ሐወሊ፤ አስፋልቱ ሊቀልጥ፣
ፈዋዝ ፊት ፊት ሲሄድ፣ እኔ ኋላው ስሮጥ፤
በአንድ እጄ ውሃው፣ በአንድ እጄ ወረቀት፣
ግብጻዊው አናጢ የጻፈው ልኬት፦
ሰባ አራት ሳንቲ ከጎን እስከ ጎኑ።
ገና ባዶ ነው ፊቱ፣ አልገባለት ዐይኑ፣
ከሰው የሚረዝም፣ ቁም ሣጥን የመሰለ፣
ዲዋኒያው ጥግ ላይ አንድ የጌም ሣጥን አለ።

ሱቁ ግን ብርድ ነው፤ ግድግዳው ያበራል፤
በአርባ ስክሪን ላይ አንድ ዓሣ ይዞራል፣
አርባ ጊዜ መጥቶ አርባ ጊዜ ይሄዳል።
ሺጁ፣ የሱቁ ሰው፣ የኬረላው ልጅ፣
ሪሞቱን እንደ ጭራ ሲያወዛውዝ በእጅ፦
«ይሄ አርባ ሦስት ኢንች፣ ያኛው አምሳ አምስት፤
ጥቁሩ ከሰል ነው፣ ነጩ እንደ ወተት።»
ፈዋዝ ዐይኑ ቀረ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፤
ትልቅ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ለሱም ለአባቱ።
ወረቀቱን አሳየሁ፦ አርባ ሦስት አይገባም።
«ሣጥኑን እንቁረጠው!» ይላል። አይሰማም።

እኔን ማን ይጠይቅ? ማዳም የላከችኝ
ውሃ እንድይዝለት ነው፣ ቦርሳ ያሸከመችኝ።
«ሜሪ» ነው የምትለኝ፤ «ትርንጎ» ከብዷት፣
ምላሷ ላይ ዞሮ፣ ጥርሷ ላይ ወድቆባት።

እኔ ግን ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የአጎቴ ጌም ቤት ውስጥ፣ ሳንቲም ሳስገባ፣
ዐሥራ አራት ኢንች ቲቪ፣ ጥጉ አረንጓዴ፣
በጥፊ ሲመታ የሚድን አንዳንዴ፤
ወንዶች ተሰልፈው፣ «ሴት ልጅ ነች» እያሉ፣
አንድ በአንድ ተሸንፈው አምሳ ሳንቲም ሲከፍሉ።
በኋላ አጎቴ ጠፍጣፋውን ገዛ፤
ሰፊ ነው፣ ያምራል፤ ገደል የሚገባው በዛ።
እጅ ቀድሞ ሲዘል፣ ዐይን ከኋላ ዘግይቶ፣
ደንበኛው ባንድ ወር ሄደ ቤቱን ትቶ።
እዚያ ነው ያወቅሁት፤ ስክሪንም ሰነፍ አለው፤
ዝለል ስትለው «ቆይ» ይላል፤ ገደል ገብተህ ነው
እግሩ የሚነሳው።

«ፈዋዝ» አልሁ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
«ዓሣውን ተወውና ጌም ያስገባልና።»
ሺጁ ሳቀ፤ ሰጠኝ ጆይስቲኩን አውጥቶ፣
ለሕፃን እንደሚሰጡ፣ ከልቡ ተዝናንቶ።

አርባ ሦስቱ ላይ ጀግናው ወፍሮ ይሮጣል፣
ካሬው ተለጥጦ በርሜል ይመስላል፤
ልኩን ሲይዝ ደግሞ ግራ ቀኙ ጥቁር፣
ብርሃን ያለበት ገርበብ ያለ በር።
ዝለል አልሁት። ቆየ። ገደል ገባ። ሞተ።
ሺጁ ሳል መጣበት፣ ወደ ጎን ተመለከተ።
ደግሞ ሁለተኛው፤ ከላይ ሳየው ነጣ፤
ሣጥን ውስጥ ሲጋደም ቀለም ከየት ይምጣ?

ከካርቶን ክምር ሥር፣ አቧራውን ለብሶ፣
ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ዋጋው ተቀንሶ፤
ዓሣ እንኳ አልሰጡትም። ሰካሁት። ተጫንሁ።
ዘለለ ከጣቴ ጋር። ኮምቦልቻ ደረስሁ።

ዐሥራ ስምንት ዲናር፤ የስድስት ቀን ድካሜ፤
ሳላስብ ይቆጠራል፣ ይሄ ነው ሕመሜ።
ስንወጣ ካርቶኑን እሱው ተሸከመው፤
ልቀበለው ስል ግን «ተይው» አለኝ፣ «ተይው»።
መኪና ውስጥ ገብተን፣ ብዙ ቆይቶ ዝም፦
«ማን አስተማረሽ?» አለ። እኔም አልመለስሁም።

አሁን፣ ሌሊት ሲሆን፣ ኤሲው ሲያንጎራጉር፣
ጨርቅ ይዤ እገባለሁ ስክሪኑን ላሳምር፤
ድምፁን አጥፍቼ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር።
ከነጥቡ ሰንጠረዥ ፈዋዝ ሁለተኛ ነው፤
አንደኛው ማነው ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቀው፣
ወይም ጠይቆታል፤ አውቆ ነው የተወው።
ሣጥኑ ለስም ሦስት ፊደል ብቻ ይሰጣል።
በፈረንጅ ፊደል ት፣ ር፣ ን ብዬ ጻፍሁ፤
«ጎ» ጎድላለች።
ይሁን። ከ«ሜሪ» ይሻላል።