ሙጨ ዋንዛውን ሲያዳምጥ

ጎንደር ግንቦቷ ነው፤ ቀሃ ወንዝ ቀጥኗል፣
ደመናው በአዘዞ በኩል መሰብሰብ ጀምሯል።
የአባቴ ዋንዛ ግን፣ ሌላው ክንዱ ሁሉ ቅጠል ሲያወጣ፣
በምሥራቅ ያለው አንዱ እምቢ አለ፤ ደረቀ፣ ነጣ።

«ይቆረጥልኝ» አለች እትዬ ጥሩዓየሁ በአጥሩ ቀዳዳ፤
«ቆርቆሮዬ አዲስ ነው፣ ገና ያላለቀ የዕቁብ ዕዳ፤
ዝናም ከነነፋሱ የመጣ ለታ
ይኼ ግንድ ወድቆ ቤቴን ቢመታ
ማን ሊከፍለኝ ነው?»
እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የመጣው ባለ ሞተር መጋዝ ጎረምሳ፣
ከባጃጁ ሳይወርድ፣ አንገቱን እንኳ በቅጡ ሳያነሳ፣
«ከሥሩ ነው መገንደስ፤ ግንዱን እኔ ልግዛ፣
ቁምሳጥን ይወጣዋል፣ ደህና ነው የእናንተ ዋንዛ» አለ።
በሽተኛውን ሳይነካ ዋጋ የሚቆርጥ ሐኪም!

ሙጨን አስጠራሁት። ሙጨ የዛፍ ሐኪም አይደለም፤
ከበሮ ጠራቢ ነው፤ ስልሳ ዓመት ግድም
ከዋንዛ ሆድ ድምፅ ሲፈለቅቅ የኖረ፤
ጥምቀት በመጣ ቁጥር የሚያስተጋባው
ግማሹ በእጁ የተቦረቦረ።

ዛፉን ዞረው። ሦስቴ። ዝም ብሎ፣
ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ።
በአውራ ጣቱ ጥፍር ቅርፊቱን ፋቀ፤
ከሥሩ አረንጓዴ እርጥብ አየና ሳቀ።
ወደ ደረቀው ተንጠራራ፤ ፋቀ፦ ቡናማ፣ ዱቄት።
አሸተተ። ተፋ። «ይኼስ ሬሳ ነው፣ የአራት ዓመት።»

የመጥረቢያውን ጀርባ ግንዱ ላይ አሳረፈ፣
ጆሮውን ለጠፈ፤
ድም። ድም። ዝቅ ብሎ፦ ዱም።

«ውስጡ ባዶ ነው?» አልኩት፤ ልቤ ወደቀ።
«ባዶ ነው» አለ። ደግሞ መታና ራሱ ጠየቀ፦
«ባዶነት ሞት ቢሆን፣ ከበሮ ይናገር ነበር ወይ?
ዛፍ እኮ የሚኖር በቆዳው ነው፤ በልቡ መስሎህ ነወይ?»

መሰላል ወጣ፣ በዚያ ዕድሜው፣ መጋዙን አንግቶ፤
እኔ ከሥር ያዝኩ፣ እጄ ላብ አውጥቶ።
«መጀመሪያ ከታች ነው፤ ሲሶውን ብቻ፣ ወደ ላይ፤
አለዚያ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይገፍፋል፣
እንደ ሽፍታ፣ ያለ ከልካይ።
ይኼን እብጠት ታያለህ? ክንዱ ከግንዱ የሚጋጠምበት፣
አንገትጌው ነው፤ እሱን ለነካ ቁስሉ አይድንለት።
ጉቶም አትተው፤ ጉቶ የምስጥ ቤት ነው።
ጭቃም ቀለምም አትቀባው፤ መዝጋቱን ራሱ ያውቃል፣ ተወው።»

መጋዙ ድንገት ጮኸ። ሙጨ እጁን ገታ።
በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱን ገለጥ ሲያደርግ፣ በዝግታ፣
ሽቦ።
ሦስት ዙር የዞረ፣ ዛፉ አፉን ዘግቶ የዋጠው፣
ዝገት የበላው።

«ማነው ያነቀው?» አለ ከላይ።
ዝም አልኩ።

የዓለም ዋንጫው ክረምት፣ የጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን አንቴና፤
ሥዕሉ በረዶ ሲሆንብን፣ ዛፍ ላይ የወጣው ማን ሆነና?
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በፒንሳ አጥብቄ፣ አጥብቄ፣
«ታየ! ታየ!» ሲሉኝ ከቤት፣ ወረድኩ ስቄ።
አንቴናው ተሸጠ፤ አባቴ አረፈ፤ እኔም ሽበት ወሮኛል፤
ሽቦው ግን አልረሳም፤
ዛፉ በወፈረ ቁጥር ይጠብቃል።

እና ስንቱን አማሁ! ምስጡን፣ የወንዙን መድረቅ፣
የእትዬ ጥሩዓየሁን የልብስ እጣቢ፣ ከአጥሩ ሥር የሚፈልቅ።

ክንዱ በገመድ ታስሮ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ታማሚ።
ሙጨ ሒሳቡን ነገረኝ፤ «የሽቦው ለብቻው ነው» አለ ደግሞ፣
«የመጋዜን ሁለት ጥርስ በልቷል።»
ከፈልኩ።

በአጥሩ ቀዳዳ ዓይን መጣ። «ተቆረጠ? እሰይ።
ግን ያቺ ዋኖስ… ጠዋት ጠዋት እዚያ ነበር የምታርፍ፤
አሁን የት ልታርፍ ነው?»

ሲመሽ ብቻዬን ወጣሁ። ሽቦው ኪሴ ውስጥ አለ።
ግንዱን በጣቴ አንጓ መታሁት፤ እንደ እሱ፣ ጆሮዬን ለጥፌ።
ዱም አለኝ።
ምን እንዳለ አላውቅም፤ የሙጨ ጆሮ የለኝም።
ደግሜ መታሁት።