መጀመሪያ ይግባ

ከበረዶ መጋዘኑ በላይ፣ ከዓሣ ገበያው ፊት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ትምህርት አለ፣ የአሮጊት።
ስምንት ነን። የሁላችን እጅ ቅርፊት ቅርፊት ይሸታል፤
ጣታችን ብዕር ሲጨብጥ ቢላ የያዘ ይመስላል።

ሺያፑ ተወልጄ፣ ሺያፑ አርጅቼ፣
ስሜን አውቀው ነበር እንደ ሥዕል አይቼ፤
ከታች ወደ ላይ ስወጣ፣ ከቀኝ ስሄድ ወደ ግራ፣
ለኪራይ፣ ለመረብ ዕዳ ስፈርም ማንም ሳይመራ።

መምህርት ሚያው ልጅ ናት፣ ሻርፗ ከፊቷ ይሰፋል፤
ጠመኔዋ ሰሌዳው ላይ እንደ ወፍ ጫጩት ይጮኻል።
«ከላይ ወደ ታች» ትላለች፣ «ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤
አግድሙ ይቀድማል፣ ቋሚው ተከታይ ነው።»

«ቀለሙ ከደረቀ» አልኳት፣ «የቱ እንደቀደመ ማን ያያል?
ዓሣው ከተበላ ወዲያ ቢላው በየት እንደገባ ማን ይጠይቃል?»
አልሳቀችም። ብዕሬን ተቀበለችኝ። «አክስቴ ዮው፣
ቀስ ብለው ሲጽፉ ውሸቱ ይደበቃል፣
ሲቸኩሉ ግን እጅዎ ራሱ ያሳብቃል።»
ስሜን በአንድ ትንፋሽ፣ ብዕሯን ሳታነሳ
ጻፈችው፤ ከውሃ እንደሚዘል ዓሣ።
እኔም በራሴ መንገድ ሞከርኩ፤ ተወሳሰበ፣
እንደ ተበጠሰ መረብ እዚያው ተሰበሰበ።

መረብ ስሠራ እኮ ሥርዓት አውቃለሁ፤
የመጀመሪያው ቋጠሮ ከሳተ፣ አሥር ክንድ ሠርቼም እፈታለሁ።
ታዲያ ወረቀት ላይ ምን ነካኝ?

ሳምንቱን በውሃ ጻፍኩ፤ ጣቴን ባልዲ ውስጥ እየነከርኩ፣
በዓሣ መዘርጊያው ድንጋይ ላይ ደንበኛ እየጠበቅኩ፤
አሥር። ዛፍ። ሰው። እሳት።
እሳት ሲጻፍ ሁለት ብልጭታ ግራና ቀኝ ይቀድማል፤
ከዚያ ነው ሰውየው በመሃል እየሮጠ የሚመጣ።
ይህን ያሰበው ማን ይሆን?

ብርዱ የገባ ሰሞን «መመለስ»ን አስተማረችን።
ትልቅ ሣጥን፣ በውስጡ ትንሽ ሣጥን። ስድስት ጭረት።
«ግድግዳ» አለች። «ጣራና ሌላኛው ግድግዳ። ታቹ ክፍት ይሁን።
አሁን ውስጡን ሥሩ። ሰው ገብቶ ሳያልቅ በር አይዘጋም።
መጀመሪያ ይግባ። ከዚያ ዝጉ።»

ልጄ ዩንፋን መርከብ ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ።
በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ በየወሩ ድምፁ ይቀጥናል።
ያን ማታ አንድ ገጽ ሞላሁ፦ ሠላሳ ሁለት ቤት፣
ሠላሳ ሁለት ቤት፣ ሁሉም ታቹ ክፍት።
መምህርት ሚያው በቀይ ከበበችው። «ስድስተኛዋስ?»
«አልረሳኋትም» አልኳት። «ሰውየው ገና አልገባ።»
ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች።
ከታች የበረዶ መፍጫው ሲንኳኳ ሰማን።

ለፀደይ በዓል መጣ፣ ሦስት ቀን ዘግይቶ፣
ሆዱ ተነፍቶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ ጫማውን ሳይፈታ ገብቶ
ሶፋው ላይ ወደቀ። ደብተሬን ሰጠሁት።
«እማዬ፣ አንቺ?» አለ። ገለጠው። «እኔ እኮ ረሳሁት፤
ስልክ ላይ ድምፁን ስነካካ ፊደሉ ራሱ ይመጣል፣
ብዕር ከያዝኩ... ቆይ፣ ‹መመለስ› እንዴት ይጻፋል?»
ዓይኑን ጨፈነ። ትልቁን ሣጥን ሠራ፣
አራቱንም ጎን ዘጋ፤ ከዚያ ነው ትንሹን የሠራ።

ሲታይ ልክ ነው። እንደ መጽሐፍ።
«ውጭ ቀረህ» አልኩት። «በሩን ዘግተህ በየት ትገባለህ?»
ሳቀ። አልገባውም። «ሾርባ አለ?» አለኝ።

ሾርባ አለ። እሱ ሲበላ እኔ ደብተሩን ሳብኩ፤
ከታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ ሳልቸኩል፣
በሮቹን ዘጋሁ። ሲያፏጭ እሰማለሁ ማንኪያው።
ሠላሳ አንድ።
የመጨረሻዋ ላይ ብዕሬ ቆመ።
መርከቡ የሚነሳው በዐሥራ ስድስት ነው።