ወዲያ የሚባል አገር

«ወዲያ ጣለው» ይላል፣ ሰው ሁሉ ሲሰጠኝ፣
ማዳበሪያ ሞልቶ፣ በሸክም ሲያጎብጠኝ።
ጎመኑ ገረጣ፣ ጀሪካኑ ነቃ፣
ከደጃፍ ከወጣ፣ ነገሩ አበቃ።

ወዲያ የሚባል አገር፣ ማን አይቶት ያውቃል?
እኔ አውቀዋለሁ፤ በመኪና ሄጄ፣
ከምስጋናው ጋራ፣ ሁልጊዜ ማልጄ።
ውሻ አለው፣ አሞራ፣ የማይጠፋ እሳት፣
ቁልቁለቱም ሲያልቅ፣ አንገረብ ያለበት።

ክረምት ሲገባ ግን፣ ወዲያ ይነሳና፣
በጎርፍ ተሳፍሮ፣ መጣ እንደገና፤
ግድቡ ሆድ ገብቶ፣ በቧንቧው ጉሮሮ፣
ብርጭቆ ውስጥ ቆመ፣ መልኩን ቀይሮ።

የአዛናው ጊደር፣ ሞታ ሲበልታት፣
ፌስታል ከነቋጠሮው፣ ነበር የገደላት።
አንዷን ለየኋት፤ ሰማያዊ ነች፣
በጥር ነፋስ ቀን፣ ከጄ ያመለጠች።
ለአዛናው አልነገርኩትም።

እንግዲህ ክብ ነበር፤ መች መስመር ሆነና!
የጣሉት ነገር ያውቃል፣ የቤቱን ጎዳና።
መመለሱንማ ይመለሳል፤
እንደ ሌባ በመስኮት ነው
ወይስ እንደ ልጅ በበር?

አምና ነው እንጉዳይ፣ መኪናው ፊት የቆመች፣
ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ አካፋ የያዘች።
«የአራዳን ትርፍራፊ፣ እኔ ጓሮ ድፉት!»
ምስጋናው ሊስቅ ብሎ፣ መኪናዋን አጠፋት።
ሳቀ፣ ሳቀና
በአርባ አራቱ ታቦት ምሎ
«አብዳለች» አለኝ።
ደፋንላት።

ሦስት ጉድጓድ አላት፣ የምትሞላው በተራ፣
ገለባ ደርባ፣ ከላይ ፍግ ከምራ፤
እንደ አልጋ ቁራኛ፣ ታገላብጠዋለች፣
እጇን ሰደድ አርጋ፣ ግንባሩን ትዳስሳለች፤
«ትኩሳት ይዞታል፤ ይድናል» ትላለች።

በአራተኛው ወር ጠራችን።
ድኗል። ጥቁር አፈር።
ቃሪያ ቃሪያ አይሸትም፤ መጀመሪያ ዝናብ ይሸታል።
ዝቃ፣ ዝቃ ሞላችው፣
በዚያው በማዳበሪያ፣ እኔው ባመጣሁት።
ያኔ ነው የገባኝ፤
ከረጢቱ ለካ ስሙን ታቅፎ
ስንት ዘመን ሲጠብቀን ኖሯል!

አሁን ባዶ ጉዞ የለም።
ስንወርድ ትርፍራፊ፣ አፈር ለወንዝ ዳሩ፣
ስንወጣ ጥቅል ጎመን፣ ጤዛው ሳይረግፍ ከዳሩ።
ጀሪካኑንም ቆራሌው፣ ነቃም አልነቃ፣ ይወስዳል።
ፌስታሉ ብቻ አቃተን።
እንጉዳይ ግን ጓሮዋ ጥግ ከምራዋለች፣
አላቃጠለችው፣ አልጣለችው፤
አመሻሽ ላይ ቆማ ታየዋለች፣
እንዳልተፈታ እንቆቅልሽ።

ትናንት ከገበያ አንድ ጎመን ገዝቼ ገባሁ።
ባለቤቴ የላይ የላይ ቅጠሉን ገፈፈች፣
እፍኟን ሞልታ ወደ በሩ ዘረጋች፤
«እንካ፣ ወዲያ ጣለው» አለች።

እጄን ዘረጋሁ።
«ወዲህ» አልኳት።