መሠረት ይሮጣል?

ክረምቱን በሙሉ፣ መኝታ ቤት ዘግቼ፣
ከሜትሮኖም ጋራ እልህ ተጋብቼ፣
ከመቶ ሃያ ምት ሁለት መቶ ገባሁ፤
እናቴ ከታች ሆና ኮርኒሱን በመጥረጊያ ስትደበድብ
ጭብጨባ ነው ብዬ ሰማሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ጣቶቼ ንብ ናቸው፣
አበባው ላይ ሳያርፉ ሌላ የሚያምራቸው።

ጎቫን ነው ነገሩ፤ ከክላይድ ወንዝ ዳር፣
ዝናብ ከቆርቆሮ ጋር ሲከራከር፣
የመርከብ ሠሪዎች አሮጌ አዳራሽ፤
መግቢያው ሁለት ፓውንድ፣ ቢራው ግን ብላሽ።
ዱገልድ ታሞ ቀረ፤ «ቤዙን ያዢ» አሉኝ።
ያዝሁ። ለቀቅሁትም። ጣቶቼ ሮጡልኝ፤
ላይ ታች፣ ታች ላይ፣ እንደ አይጥ በጣሪያ፣
አንዱ ድምፅ ሳይወጣ ለሌላው መጥሪያ።

ሰዉ ቆመ።
ብርጭቆውን እንደ ያዘ፣ አፉን እንደ ከፈተ ቆመ።
አንዱ በስልኩ ቀረጸኝ፤ አንዷ «ወይ ጉድ!» አለች፤
ለጭፈራ ጫማዋን ያወለቀችው ሴት
መልሳ አጠለቀች።
ሁሉም አየኝ።
አንድም አልጨፈረ።

በሳምንቱ ዱገልድ ወገቡን ይዞ መጣ።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባውን የበየደ፣
በመርከብ ሆድ ዕቃ በጉልበቱ የሄደ፤
የግራ ትንሽ ጣቱ ከታጠፈ ቆየ፣
እኔ የምሮጥበትን ሜዳ በዓይኑም አላየ።
ገመዱን ሰካ። አንድ ድምፅ ጣለ።
ድምፁ ከወለሉ ሥር ገብቶ ጥቂት ዋለ።
ሁለተኛውን፣ አሁን ሊጥል ነው ስል፣
አቆየው።
አቆየው።
(እኔ በልቤ አሥር ድምፅ ሞላሁበት ያን ባዶ)
ጣለው።
ሴትየዋ ጫማዋን አወለቀች፤
የወዛደሩ፣ የነርሷ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ትከሻ
ሳይነጋገር ተስማማ።
ዱገልድን ማን አየው?
ቤት የሚገባ ሰው መሠረቱን አይቶ ያውቃል?

«ብየዳ ነው» አለኝ፣ በጓሮው በር ቆመን፣
ጃኬቱን ለሁለት ለዝናቡ አካፍለን፤
«እሳቱን ብታስሮጪው ላዩ ያብረቀርቃል፤
ውስጡን ቀዳዳ ነው፤ ባሕሩ ያውቃል።
ሰው እግሩን የሚጥልበት ስፍራ ይፈልጋል፤
መሠረት ከሮጠ ቤቱ የት ያድራል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ግን አልተዋጠልኝም።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ አውቃለሁ፤
ቢሆንም፣
እንቁላሉ ቀስ ብሎ እግር ካወጣማ፣
ሲሮጥ ምን አጠፋ፣ ዶሮ ሆኖማ?

ኅዳር ነው፤ ሞራግ ድራሙን ስትመታ
ፔዳሉ ተሰበረ፣ ዘፈኑ በእኩሌታ።
ዱገልድ ቤዙን ከአንገቱ አውልቆ
ሰጠኝ በዝምታ።
ያን ጊዜ ሮጥሁ።
በአውራ ጣቴ ከበሮውን፣ በጠቋሚዬ ዜማውን፣
በአራት ጅማት ላይ ሁለት ሰው ሆንሁ፤
ሞራግ ተንበርክካ ብሎኑን እስክታጠብቅ፣
የጠመንጃ ሩምታ የሚያህል ድምፅ ስረጭ፣
አንድ እግር እንኳ ከወለሉ አልጠፋም።
ማንም እጄን አላየም።

ወደ ቤት በአውቶቡስ፤ መስኮቱ በላብ ተሸፍኖ፣
ዱገልድ ጊታሩን በጉልበቱ መሃል አቅፎ፣
ድንገት፦ «ቀስ የምለው ጥበብ መስሎሽ?» አለ።
«መሮጥ አልችልም፣ ልጄ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ምርጫዬ አስመስዬ ኖርሁ።»
ሳቀ። አልሳቅሁም። ፌርማታው አለፈኝ።

አሁን ማታ ማታ
አንዱን ጅማት ነክቼ እስኪሞት እጠብቃለሁ።
ጣቶቼ ይቁነጠነጣሉ፣ ልጓም እንደ ያዘው ፈረስ፤
ጉልበታቸውን አልካድሁም፣ ግን ማን ፈቀደ?
ድምፁ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣
ዝናብ ይሁን እርሱ መለየት ያቅተኛል።
እናቴ መጥረጊያውን ጥላዋለች።
«ዛሬ አልተለማመድሽም እንዴ?» ትለኛለች ከደረጃው ሥር።
አንዲቷን ድምፅ፣ እላታለሁ፣
ገና አልጨረስኋትም።